ጠበቃው አራት ኪሎ ሲገባ መዝገቦቹ የት ይገባሉ?

ጠይቁን፦ የአንባቢያን ዓምድ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ጥብቅናን ትቶ የሕዝብ እንደራሴ ስለመሆን የሚጠይቁ ናቸው። አሳጥረን አቅርበናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹን ስም ትተን ሰፈራቸውን ብቻ ጠቅሰናል።

ጥያቄ (ከልደታ)፦ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች 12 ዓመት የሠራሁ ጠበቃ ነኝ። አንድ ፓርቲ በአዲስ አበባ ለተወካዮች ምክር ቤት ዕጩ እንድሆን ጠይቆኛል። በእጄ 31 ክፍት መዝገቦች አሉ። ካሸነፍኩ ምን አደርጋቸዋለሁ? ካላሸነፍኩስ ደንበኞቼን በከንቱ አስደንግጬ መቅረቴ አይደለም?

መልስ፦ ከሁለተኛው ብንነሣ ይሻላል። ዕጩ መሆን ብቻውን ፈቃድዎን አይነካም፤ ጠዋት ልደታ ችሎት ቆመው ከሰዓት በኋላ ቅስቀሳ መውጣት ይችላሉ። ስለዚህ ገና ለገና ብለው ለ31 ሰው አይደውሉ። ይልቅ ዕጩነቱን ከተቀበሉበት ቀን ጀምሮ በሚፈርሙት አዲስ የጥብቅና ውል ላይ አንዲት አንቀጽ ያስገቡ፦ «ጠበቃው በሕዝብ ምርጫ ወይም በሹመት ምክንያት ሥራውን መቀጠል ካልቻለ» ብላ የምትጀምር፣ የተሠራው ሥራ ዋጋ እንዴት እንደሚሰላና ጉዳዩ ለማን እንደሚተላለፍ የምትናገር። በኋላ የሚመጣው ጭቅጭቅ አብዛኛው ይህች አንቀጽ ባለመኖሯ የሚነሣ ነው።

ካሸነፉ ያለዎት ጊዜ ከሚያስቡት ያጠረ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 መሠረት የምክር ቤቱ ዓመታዊ የሥራ ጊዜ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ተጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል፤ በመካከሉ የ1 ወር ዕረፍት አለው። የ2013ቱን ምርጫ ይውሰዱ። ድምፅ የተሰጠው ሰኔ 14፣ ውጤቱ የተገለጸው ሐምሌ 3፣ አዲሱ ምክር ቤት ሥራ የጀመረው መስከረም 24 ቀን 2014 ነው። ከውጤት እስከ መክፈቻ 86 ቀን መሆኑ ነው። ከዚህ ላይ ክረምቱን ይቀንሱ፤ ፍርድ ቤቶች ለዕረፍት ሲዘጉ የሚያስችሉት ተረኛ ችሎቶች ብቻ ናቸው፣ ሬጅስትራሩም እንደ ወትሮው አይገኝም። በእጅዎ የሚቀረው ሐምሌ ነው ማለት ይቻላል።

መደርደሪያው ፊት ቆመው መዝገቦቹን ሲለዩ በቀጠሮ ቀን አይለዩዋቸው። የሚለዩት በሚያመልጥ ጊዜ ነው። ቀድመው የሚወጡት ፍርድ ተሰጥቶባቸው ይግባኝ የሚጠየቅባቸው ናቸው፤ በፍትሐ ብሔር 60 ቀን ቆጥሮ የሚያልቅ ጊዜ የእርስዎን መመረጥ አይጠብቅም። ቀጥሎ ምስክር መሰማት የጀመሩት። እነዚህ ለማስተላለፍ አስቸጋሪዎቹ ናቸው፤ አዲሱ ጠበቃ የምስክሩን ቃል ከግልባጭ ያነባል እንጂ ሰውየው የትኛው ጥያቄ ላይ እንደተንተባተበ አላየም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ምስክር ግማሽ ገጽ ማስታወሻ ይጻፉለት፦ ምን አለ፣ የት ላይ ተቃረነ፣ በመስቀለኛ ጥያቄ ያልተነካው ምንድን ነው። አፈጻጸም ላይ የደረሱት ብዙ ሐሳብ አይፈልጉም፤ የትእዛዙ ቀንና ቀሪው ገንዘብ በትክክል ከተጻፈ ማንም ጠበቃ ይቀበላቸዋል።

ትልቁ መሰናክል ውክልናው ነው። ደንበኛዎ ውልና ማስረጃ ሄዶ የሰጠዎት ውክልና «ጠበቃ ሊወክልልኝ ይችላል» የሚል ቃል ከሌለው ለሥራ ባልደረባዎ አሳልፈው ሊሰጡት አይችሉም፤ ደንበኛው ራሱ ተመልሶ ሄዶ ለአዲሱ ጠበቃ መወከል አለበት። ደንበኛው ውጭ አገር ከሆነ ውክልናው በኤምባሲ በኩል ይመጣል፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውልና ማስረጃ ይገባል፤ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ 31ዱን ውክልና በመጀመሪያው ቀን አውጥተው ያቺን ዓረፍተ ነገር ብቻ ፈልጉ ብለው ለጸሐፊዎ ይስጧቸው። የሌላቸውን ቀይ ምልክት ያድርጉባቸው፤ በውጭ የሚኖሩትን ሁለት ቀይ።

ውክልናን መተው በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2229 የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን አተዋወዎ ወካዩን ከጎዳ ኪሣራ ሊያስከፍልዎ ይችላል። ማስታወቂያው በጽሑፍ ይሁን፣ ደንበኛው ፈርሞ ይቀበል፣ ቅጂው መዝገቡ ውስጥ ይግባ። ስልክ ደውሎ «እንግዲህ አደራ» ማለት ማስታወቂያ አይባልም።

ዋና ሰነዶችን ሲመልሱ (የቤት ካርታ፣ የጋብቻ የምስክር ወረቀት፣ የሽያጭ ውል) ዝርዝር በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱን አስፈርመው ያስቀሩ። «ካርታዬ እሱ ጋ ቀርቷል» የሚል ሰው ከ3 ዓመት በኋላ የእንደራሴውን ቢሮ በር ሲያንኳኳ ያቺ ወረቀት ብቻ ነች የምታድንዎት። የተቀበሉት ቅድመ ክፍያ ካለና ሥራው ካልተሠራ ይመልሱ፤ በደረሰኝ።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ ነው ወደ ፈቃዱ የሚሄዱት። ምክር ቤቱ የሙሉ ጊዜ ሥራ ስለሆነ ከጥብቅና ጋር አብሮ አይሄድም፤ ፈቃዱን ለሰጠው ፍትሕ ሚኒስቴር ሥራ ማቆምዎን በደብዳቤ ያሳውቁ፣ የተቀባይ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ይያዙ። ግብር ቢሮም እንዲሁ። ብዙ ሰው ቢሮውን ዘግቶ ቁልፉን ለአከራዩ ካስረከበ ሥራው የተዘጋ ይመስለዋል፤ የግብር ፋይሉ ግን ክፍት ነው፣ ያላቀረቡት የግብር ማስታወቂያም ቅጣት ይወልዳል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ጠበቃዬ ተመርጦ ምክር ቤት ገባ። ሳይነግረኝ ቀርቶ በቀጠሮዬ ቀን ማንም ስላልቀረበ ክሴ ተሰረዘ። ሰዎች «ያለመከሰስ መብት አለው፣ ምንም አታመጪም» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እናቴ፣ መጀመሪያ መዝገብዎን ያድኑ፤ የእሱ ነገር ይደርሳል። ከሳሽ ቀርቶ ተከሳሽ ሲቀርብ ክስ ከተሰረዘ በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ መክፈት አይቻልም። መንገዱ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 74 መሠረት በ1 ወር ውስጥ የስረዛው ትእዛዝ እንዲነሣ ማመልከት ነው። ተከሳሽ ሆነው በሌሉበት ተፈርዶብዎት ቢሆን ኖሮ በቁጥር 78 ፍርዱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ 1 ወር ይኖርዎት ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። «ጠበቃዬ ስላልቀረበ» ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ የጠበቃ ጥፋት ብቻውን በቂ ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም። ማመልከቻዎ ማሳየት ያለበት እርስዎ ራስዎ ለምን እንዳልቀረቡ ነው። ቀጠሮው አልተነገረዎትም፤ የሚነግርዎት ሰው ሥራ ማቆሙም አልተነገረዎትም። ጠበቃው ምክር ቤት መቼ ሥራ እንደጀመረ የሚያሳይ ማስረጃ፣ ለመጨረሻ ጊዜ የተገናኛችሁበትን ቀን የሚያሳይ የስልክ መልእክት፣ ቃለ መሐላ፤ እነዚህን አያይዙ። ከፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ ማመልከቻ ጸሐፊዎች በችኮላ «በደንበኛዬ ላይ የደረሰ በደል» እያሉ ገጹን ስለሚሞሉት፣ ቀኖቹን በትክክል መጻፋቸውን ራስዎ ቆመው ያንብቡ።

ያለመከሰስ መብቱን በተመለከተ፣ ሰዎቹ ግማሹን ነው የነገሩዎት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 54 የሚለው አንድ አባል ከባድ ወንጀል ሲፈጽም እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ አይያዝም፣ በወንጀልም አይከሰስም ነው። በወንጀል። የእርስዎ ጥያቄ የገንዘብና የውል ጥያቄ ነው፤ ያልሠራበትን ክፍያ ለማስመለስ ወይም ኪሣራ ለመጠየቅ የምክር ቤቱ ፈቃድ አያስፈልግዎትም። ከክሱ በፊት ግን አንድ ደብዳቤ ይላኩለት። እንደራሴ ስሙ በፍርድ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ አይወድም፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ በሽምግልና ያልቃል።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ጠበቃ ነው፤ ለስቴት ምክር ቤት ሊወዳደር ነው። ቢሮውን እንደማይዘጋ ይናገራል። እዚያ ይቻላል እንዴ?

መልስ፦ በብዙ ስቴቶች ይቻላል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ደመወዙ አያኖርም። የቴክሳስ እንደራሴ በዓመት የሚከፈለው 7,200 ዶላር ሲሆን በጉባኤ ቀናት አበል ይጨመርለታል፤ ምክር ቤቱም መደበኛ ጉባኤ የሚያደርገው በ2 ዓመት አንዴ ለ140 ቀናት ነው። ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ የታችኛው ምክር ቤት 400 አባላት አሉት፣ የአንዱ ክፍያ በዓመት 100 ዶላር። በዚህ ገንዘብ የሚኖር ስለሌለ ጠበቃው ጠበቃ፣ ገበሬው ገበሬ ሆኖ ይቀጥላል። ካሊፎርኒያ ግን የሙሉ ጊዜ ነው። የአጎትዎ ልጅ የትኛው ስቴት እንደሆነ ይጠይቁት፤ መልሱ በዚያ ይወሰናል።

ሁለቱን ሥራ ደርቦ መያዙ የራሱ ጣጣ አለው። ቴክሳስ ውስጥ የተከራካሪው ጠበቃ የምክር ቤት አባል ከሆነና ጉባኤ ላይ ካለ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮውን እንዲያራዝምለት ሕግ ያዛል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ጊዜ ለመግዛት ሲል ብቻ እንደራሴ የሚቀጥር ደንበኛ መጣ፣ ሕጉም ጠበቃው ከክርክሩ ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ የተቀጠረ እንደሆነ ማራዘሙን በዳኛው ፈቃድ ላይ ጣለው። የኒው ዮርክ ስቴት ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ሼልደን ሲልቨር ደግሞ በጠበቃነት ስም ከሕግ ቢሮዎች የተቀበሉት ሚሊዮኖች ከሥልጣናቸው ጋር ተያይዘው ተከሰሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የተፈረደባቸው በይግባኝ ቢሻርም በ2018 ዳግም ተፈርዶባቸው በ2020 እስር ቤት ገቡ። አብርሃም ሊንከን ተገላቢጦሽ ነው። ለኢሊኖይ ምክር ቤት የተመረጠው በ1834 ሲሆን የጥብቅና ፈቃድ ያገኘው በ1836 ነው፤ መጀመሪያ ሕግ አውጪ፣ ቀጥሎ ጠበቃ።

ጥያቄ (ከስድስት ኪሎ)፦ የሕግ ተማሪ ነኝ። ጠበቃ መሆን ለሕግ አውጪነት በእርግጥ ይጠቅማል? ምክር ቤት ውስጥ የሚሠራው ምንድን ነው?

መልስ፦ ይጠቅማል፤ የሚጠቅመው ግን ሰው በሚያስበው ቦታ አይደለም። ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው እጅ ማውጣት ነው። ሥራው ያለው ኮሚቴ ውስጥ ነው። ረቂቅ አዋጅ አብዛኛውን ጊዜ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣል፤ በመጀመሪያ ንባብ ጠቅላላ ሐሳቡ ይነሣና ለሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው የሚመለከታቸውን አካላት ጠርቶ ያወያያል፣ አንቀጽ በአንቀጽ ያያል፣ የውሳኔ ሐሳብና ሪፖርት ይዞ ይመለሳል። በሁለተኛ ንባብ ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተአቅቦ ተቆጥሮ ይጸድቃል ወይም ይወድቃል። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ካልፈረመ ሕጉ ያለ ፊርማ ሥራ ላይ ይውላል። ከዚያ ከምክር ቤቱ ብዙም ሳይርቅ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል፤ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ከተለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ፍርድ ቤት ውስጥ ስለ አንድ ግሥ ሲከራከር የኖረ ሰው ረቂቅ ላይ የሚያየው ነገር ሌላ ነው። ለምሳሌ አንድ ረቂቅ «ባለሥልጣኑ ማመልከቻ በደረሰው በ15 የሥራ ቀናት ውስጥ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል» ቢል ደስ ይላል፣ ቀን አለው። ጠበቃው «ሊሰጥ ይችላል» የሚለውን ያከብበዋል፤ አለመስጠትም ይችላልና። «ይሰጣል» ብሎ ይለውጠዋል። ይሄም አይበቃም፦ በ16ኛው ቀን ምን ይሆናል? «በዚህ ጊዜ ውስጥ መልስ ካልሰጠ እንደፈቀደ ይቆጠራል» ወይም «አመልካቹ ቅሬታውን ለ… ያቀርባል» የሚል ካልተጨመረ ቀኑ ጌጥ ነው።

ሁለተኛው ማየት ያለበት የአዋጁ ጭራ ነው። ማንም የማያነበው «ልዩ ልዩ ድንጋጌዎች» የሚለው ክፍል። «ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማንኛውም ሕግ ተፈጻሚነት አይኖረውም» የምትለው የተለመደች ዓረፍተ ነገር ሰነፍ አርቃቂ የቤት ሥራውን ለዳኛ የሚያስተላልፍባት ናት፤ የትኛው ሕግ፣ የትኛው አንቀጽ እንደተሻረ በስም ይጻፍ ማለት የእንደራሴው ድርሻ ነው። የመሸጋገሪያ ድንጋጌውም እንዲሁ። ሕጉ ሲወጣ በፍርድ ቤት ያሉ መዝገቦች በየትኛው ሕግ እንደሚታዩ ካልተነገረ ተመሳሳይ ሁለት ጉዳዮች በሁለት ችሎት ሁለት ዓይነት ይፈረድባቸዋል። «ዝርዝሩ በደንብና በመመሪያ ይወሰናል» የሚለው ሲበዛም ይጠራጠሩ። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ ከመውጣቱ በፊት ሕዝብ አስተያየት እንዲሰጥበት ያዛል፤ ቢሆንም ዋናውን መብት ለመመሪያ መተው ምክር ቤቱ ሥራውን ለሠራተኛ መስጠቱ ነው።

ጥብቅና የሚጎዳበትም አለ። ጠበቃ አንድ ደንበኛ አለው፣ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ ለማፍረስ ነው የሠለጠነው። እንደራሴው በአንቀጽ 54 የመላው ሕዝብ ተወካይ ነው፤ ተገዥነቱም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው። ኮሚቴ ውስጥ የተጋበዘን ባለሙያ እንደ ተቃራኒ ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ የሚያፋጥጥ አባል ባለሙያው የሚያውቀውን ሳይነግረው ይሸኘዋል።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ሕግ ለማውጣት ሕግ መማር ግዴታ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ እንዲህ ያለ መስፈርት የለውም። የ1923ቱን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምም ሩሲያ ውስጥ በመድፈኛ መኮንንነት የሠለጠኑ ሰው ነበሩ። በአገራችን የሕግ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ ፓርላማው ከተቋቋመ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ብመረጥስ? እዚያም ጥብቅና ማቆም ይኖርብኛል?

መልስ፦ ሁለቱ አይምታቱብዎ። አዲስ አበባ በተወካዮች ምክር ቤት ያላት 23 መቀመጫ ነው፤ የከተማው ምክር ቤት ደግሞ 138 መቀመጫ ያለው በቻርተሩ፣ በአዋጅ ቁጥር 361/1995 የሚመራ ሌላ ምክር ቤት ነው። እንደ ፌዴራሉ በየሳምንቱ ስለማይሰበሰብ አባልነቱ ብቻውን ከሙያ ሥራ ላያስወጣ ይችላል፤ በከተማው አስተዳደር ውስጥ ሹመት ከተቀበሉ ግን ነገሩ ይለያል። ፈቃድ ሰጪውን ክፍል በጽሑፍ ጠይቀው በጽሑፍ መልስ ይያዙ።

እኛን የሚያሳስበን ሌላ ነው። የከተማዋ ፍርድ ቤቶች የቀበሌ ቤት ክርክርና የወራሽነት ማረጋገጫን የመሳሰሉ ጉዳዮችን ያያሉ። ጠዋት ስለ ቀበሌ ቤት ድምፅ ሰጥተው ከሰዓት በኋላ በዚያው ደንብ ለደንበኛ ቢከራከሩ ዳኛው ምንም ባይሉ እንኳ ተከራካሪው ይላል። እንዲህ ያለውን መዝገብ ከመጀመሪያው አይቀበሉ። የቀድሞ ደንበኛዎ ጉዳይ ኮሚቴ ላይ ሲነሣም ግንኙነቱን ተናግረው ከውይይቱ ይውጡ፤ ምስጢሩን ግን አያውጡ። የሙያ ምስጢር ጥብቅና ሲያቆሙ አብሮ አያበቃም፣ ማውጣቱም በወንጀል ሕጉ ቁጥር 399 ያስጠይቃል።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ባለቤቴ የምክር ቤት አባል ሆኗል። የቢሮው ታፔላ እንዳለ ነው፤ ጸሐፊውም ገና ደንበኛ ትቀበላለች። ይወርድ ስለው «ከ5 ዓመት በኋላ እመለሳለሁ፣ ስሜ ይጠፋል» ይላል። ሀብት አስመዝግብ የሚል ፎርምም መጥቷል፤ የእኔም ይጻፋል?

መልስ፦ ይጻፋል። በአዋጅ ቁጥር 668/2002 ተመራጭ የራሱን ብቻ ሳይሆን የትዳር ጓደኛውንና ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆቹን ሀብትም ያስመዘግባል፤ በየ2 ዓመቱም ይታደሳል። ባለቤትዎ የሚረሱት ምናልባት ከደንበኞች ያልተሰበሰበውን ክፍያ ይሆናል። ከዓመት በኋላ ባንክ ሲገባ ምንጩ እንዳያጠያይቅ ዛሬውኑ በዝርዝር ይያዝ።

ታፔላው ይውረድ። ፈቃድ ሳይኖር የጥብቅና ማስታወቂያ መስቀል ራሱ ችግር ነው፤ የእንደራሴ ስም ያለበት ሲሆን ደግሞ ደንበኛው የሚገዛው የሕግ እውቀት ሳይሆን ሥልጣን ይመስለዋል። ማኅተሙና ቲተሩ ተቆጥረው ይቆለፍባቸው፣ ጸሐፊዋም ስልክ ስታነሣ የምትለው ቃል ተጽፎ ይሰጣት፦ ቢሮው ሥራ አቁሟል፣ መዝገብዎ ከእነ እገሌ ጋር ነው። ታፔላውን መጋዘን ያስቀምጡት፤ ሲመለሱ ቀለም አስቀብተው ይሰቅሉታል።